እናቴ የላከችው ገብስ

መቐለ የመጣሁት ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ልሠራ ነው። ሓድነት በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ያከራዩኝ ሴትዮ ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት ነበሩ። ጎረቤቱ ሁሉ «አደይ» ይላቸዋል፤ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው። እኔም አደይ አልኳቸው። እሳቸውም «ጓለይ»፣ ልጄ፣ ይሉኝ ጀመር። እኔ የወሎ ሙስሊም ስለሆንኩ የፍስክ ወጣቸው አይሆነኝም፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን አንድ ትሪ ላይ እንበላለን ብለው ደስ ይላቸው ነበር።

በዚያ ዓመት እናቴ ከገጠር አንድ ማዳበሪያ ገብስ ላከችልኝ። «ልጄን እንደ ልጇ ለያዘችልኝ ሴት ስጫት» አለችኝ በስልክ። ክረምቱ ሳያባራ የከረመበት ዓመት ስለነበር ገብሱ ስናር የሚባለው አረም የበዛበት ነበር። ለአደይ ሳበጥርላቸው ረዘም ረዘም ያሉ ጥቋቁር ፍሬዎች አየሁና ልለቅም ስል እጄን ያዙኝ።

«ተዪው፣ ጓለይ። የእናት ስጦታ አይለቀምም።»

እኔ ምሳዬን ፋብሪካ ስለምበላ ብዙም አልቀመስኩትም። አደይ ግን ዐቢይ ጾም ገብቶ ጠዋት ባይበሉም፣ ከሰዓት በኋላና ማታ ምግባቸው የዚያ ገብስ ቂጣ ሆነ።

ሳምንታት እንዳለፉ «እግሬ ላይ ጉንዳን የሚሄድ ይመስለኛል» አሉኝ። ከዚያ ያቃጥላቸው ጀመር፤ ቆይቶ ደግሞ እንደ ድንጋይ ቀዘቀዘ። ጎረቤት ስኳር ነው፣ ብርድ ነው አለ። አንድ እሑድ እግራቸውን ላጥብ ለብ ያለ ውሃ አፈሰስኩባቸው።

«ሞቀዎት?»

«ምኑ? አፈሰስሽ እንዴ?»

ዝቅ ብዬ አየሁ። ሁለቱ ትናንሽ ጣቶች ከሰል መስለዋል። ባጃጅ ጠርቼ ዓይደር ወዳለው ሆስፒታል ይዣቸው ሄድኩ።

የመረመረቻቸው ወጣት ሐኪም ነበረች። ስኳር እንደሌለባቸው አረጋገጠች፤ የእግራቸውን ትርታ ብትፈልግ ብትፈልግ አጣችው። ምን እንደሚበሉ ጠየቀች። የገብስ ቂጣ ሲሏት ወደ እኔ ዞረች።

«ጥሬው ካለ አምጪልኝ።»

በፌስታል አመጣሁላት። መዳፏ ላይ ዘርግፋ አንዷን ጥቁር ፍሬ አነሳች።

«ይሄ ገብስ አይደለም። ኤርጎት የሚባል ፈንገስ ነው። ገብሱ ወይም ስናሩ ሲያብብ ይገባና በፍሬው ቦታ ያድጋል። ደም ስርን ያኮማትራል፤ ደም ጣቶቻቸው አልደረሰም።» ከዚያ ፊቴን አይታ ድምጿን አለሰለሰች። «ከዚሁ ነገር መድኃኒትም ይሠራል። የወለደች ሴት ደሟ አልቆም ሲል በልኩ ሰጥተን እናተርፋታለን። ያለ ልክ ሲበላ ነው እንዲህ የሚያደርገው።»

ሌላውን አልሰማሁም። እናቴም ያንኑ ገብስ እየበላች ነው። ኮሪደር ላይ ቆሜ ደወልኩላት።

«እማ፣ እግርሽን ያምሻል?»

«ትንሽ ያቃጥለኛል፤ እርጅና ነው። ላሟም ጨነገፈባት። ምነው?»

«ገብሱን ዛሬውኑ ተዪው! ለጎረቤትም ንገሪ፣ ለግብርና ባለሙያውም!»

«ለሴትዮዋ ሰጥተሻታል?» አለች። ነገርኳት። ስታለቅስ ሰማኋት።

ባለሙያው መንደሩ ድረስ ሄዶ እህሉን ጨው በበዛበት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ ጥቁሩ እንዴት ተንሳፎ እንደሚወጣ አሳያቸው። ማሳውን ጠለቅ አድርገው እንዲያርሱና በሚቀጥለው ዓመት ባቄላ እንዲዘሩ መከራቸው። የእናቴ እግር ገብሱን ከተወች በኋላ ዳነ። የአደይ ሁለት ጣቶች ግን ተቆረጡ፤ የቀረው እግራቸው በመድኃኒት ተረፈ።

አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ «የእኔ ጥፋት ነው» አልኳቸው።

«ዝም በይ። እናትሽ ከአፏ ቀንሳ ነው የላከችልኝ። እሱን ማን ይረሳል?»

ክረምቱ እንዳለፈ እናቴ መጣች። ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ ተንበርክካ የአደይን እግር አቅፋ ሳመችው። አደይ «ተነሺ፣ በጃኺ፣ እባክሽ ተነሺ» እያሉ በሁለት እጃቸው ያነሷታል፤ እሷ እምቢ ትላለች። እናቴ ትግርኛ አታውቅም፤ የአደይ አማርኛም እናቴ ፊት ተሰባበረ። አራት ቀን ሙሉ ግን ሲያወሩ ነው የዋሉት።

ስትመለስ አደይ በእሷ ተደግፈው ባጃጁ ድረስ ሸኟት። አንዲት ጎረቤት ማን እንደሆነች ጠየቀቻቸው።

«እህቴ ናት» አሉ፣ እጇን ሳይለቁ።