ዋይፋይ የጠራው ለቅሶ

የመንዟ ሞላሌ ነፋስ ባርኔጣ ከነጠቀ ባለቤቱ አይከተለውም፤ መሐል ሜዳ ላለ ዘመዱ ደውሎ «ሲደርስ ያዝልኝ» ይላል። በዚህ ነፋስ መሐል፣ መንገድ ዳር ባለች ቆርቆሮ ቤት፣ ጋሽ ወሰኔ ወፍራም የበግ ጠጉር ዝተታቸውን ተከናንበው ብቻቸውን ይኖራሉ።

ድሮ ብቻቸውን አልነበሩም። የከተማዋ ስልክ በእጅ በሚሰካ ገመድ በሚሠራበት ዘመን ኦፕሬተሩ እሳቸው ነበሩ። አዲስ አበባ ላለ ልጁ ሊደውል የመጣ ሁሉ ከቢሯቸው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ተራ ይጠብቃል፤ ሲጠብቅ ያወራል። መስመሩ ሲገባለት ደግሞ እጅግ ይጮኽ ስለነበር ድምፁ ያለ ስልኩም ደብረ ሲና ይደርስ ነበር። ማን እንደታጨ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን በግ መንታ እንደወለደች ከቄሱ ቀድመው የሚያውቁት ጋሽ ወሰኔ ነበሩ። ከዚያ ሞባይል መጣና አግዳሚው ባዶ ቀረ። ጡረታ ሲወጡ ለምነው ቤታቸው አስገቡት። ባለቤታቸው ጥሩሸዋ አረፈች፤ ልጃቸው እስከዳር ሥራ አግኝታ ደብረ ብርሃን ገባች፤ አግዳሚው ግን ከእሳቸው ጋር አለ።

እስከዳር ባለፈው ፋሲካ ስትመጣ ሲም ካርድ የሚጎርስ ነጭ ራውተር መስኮቱ ላይ አስቀመጠችላቸው።

«አባዬ፣ ማታ ማታ በቪዲዮ እንተያያለን።»

አንድ ሰሞን ተያዩ። ከዚያ ሥራ በዛባት። ራውተሩ ብቻ መብራቱን እያርገበገበ ቀረ።

አንድ ቀን አቧራውን ሲጠርጉለት ከጀርባው የቁጥር አድራሻና መግቢያ ቃል ተለጥፎ አዩ። አድራሻውን ስልካቸው ላይ ቢጽፉት የራውተሩ የራሱ ገጽ ተከፈተ፤ የሲግናሉ ጥንካሬ፣ የማሰራጫው ኃይል፣ የይለፍ ቃሉ ሁሉ እዚያ አለ። ከሁሉ በታች «የተገናኙ መሣሪያዎች» ይላል። ከሥሩ ያለው አንድ ነው፤ የራሳቸው ስልክ። አንድ ገመድ ብቻ የተሰካበት የድሮ የስልክ ሰሌዳቸውን የሚያዩ መሰላቸው።

«ይኼማ አይሆንም» አሉና የይለፍ ቃሉን አነሡት።

ወሬው ሞላሌን ለመዞር የፈጀበት ጊዜ ሻይ እስኪበርድ ነው፤ የሞላሌ ሻይ ደግሞ ከማንቆርቆሪያ ወደ ብርጭቆ ሲወርድ መንገድ ላይ ይበርዳል። ዝርዝሩ ሞላ። ጋሽ ወሰኔ ደስ ብሏቸው በመስኮት ቢያዩ፣ ሰዉ መንገድ ማዶ ድንጋይ ላይ ተደርድሮ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ወደ በራቸው ዘወር ያለ የለም። ጎረቤታቸው መምህር ምንተስኖት እንኳ ፊልም እያወረደ እንዴት አደሩ ማለት ረሳ።

ወደ ገጹ ተመለሱ። የማሰራጫው ኃይል ሦስት ምርጫ አለው። ከ«ከፍተኛ» ወደ «መካከለኛ» አወረዱት። ሰዉ ስልኩን ወደ ሰማይ አነሣ፣ አራገፈ፣ ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ አጥራቸው ሥር ሰፈረ። ወደ «ዝቅተኛ» አወረዱት። ሰዉ በአጥሩ በር ገባ፤ ከደጃፍ ደረሰ፤ በመጨረሻ መምህር ምንተስኖት አንገቱን አስገባ።

«ጋሼ፣ ውስጥ ሳይሻል አይቀርም። እንግባ?»

«ግቡ እንጂ! ቤት ለእንግዳ!»

መደቡም አግዳሚውም ሞላ። ጋሽ ወሰኔ ቆሎ አቀረቡ። እጆች ወደ ሰፌዱ እየመጡ ይመለሳሉ፤ ዓይን የተከተለው እጅ የለም።

«ዘንድሮ ገብሱ እንዴት ነው?» አሉ።

«ጥሩ ፍጥነት አለው ጋሼ» አለ አንዱ ቀና ሳይል።

ከዚያ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ዝርዝሩን ከፈቱ። ከግድግዳው ወዲያ ያለው እንግዳ ሁሉ እዚያ ተጽፏል። ከጥሩሸዋ ቀብር ወዲህ ቤቱ እንዲህ ሞልቶ አያውቅም፤ እሳቸውም እንዲህ ብቻቸውን ሆነው አያውቁም።

ቀኑ ገበያ ነበር። ወይዘሮ አስካለ ማርያም የበግ ጠጉር ሸጠው ወደ ገጠር ሲመለሱ በዚያ አለፉ። ወንድማቸው ከአሰብ እስኪደውል ያንን አግዳሚ ዓመታት ያሞቁ ሴት ናቸው፤ ሞባይል የሚባል ይዘው አያውቁም። በተከፈተው በር ቢያዩ ሰው ግድግዳ ለግድግዳ ተደርድሯል፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቷል፤ የሚናገር የለም፤ ባለቤቱም አይታይም። መንዝ ውስጥ እንዲህ የሚቀመጠው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

«ወይኔ ወሰኔ! ወይኔ ወንድሜ! እንግዲህ ማን ያገናኘኝ!»

ስልክ ሁሉ ወረደ። «ኧረ ማን ሞተ?» አለ መምህር ምንተስኖት። ሁለት ሴቶች ግን ሟቹ ማን እንደሆነ መጠየቅ ነውር መስሏቸው እዬዬውን ተቀበሉ። አንድ ጎረምሳም ደረቱን መታ።

ጋሽ ወሰኔ ከውስጥ ሆነው የራሳቸውን ለቅሶ ሰሙ። ቶሎ መውጣት ነበረባቸው። አልወጡም። «ሳትሰለች አሰብን ስትጠራልኝ! ጋቢህን ስታለብሰኝ!» የሚለው እስኪደርስ ተቀመጡ፤ ጋቢ ማልበሳቸውን ረስተውት ነበር። ዓይናቸውን ጠርገው መጋረጃውን ገለጡ።

«አስካለ፣ አለሁ።»

«በስመ አብ!» አስካለ ማርያም ሦስቴ አማተቡ። «ታዲያ እነዚህ ምን ሆነው ነው አንገታቸውን የደፉት?»

«ዋይፋይ ይዟቸው ነው።»

«ውይ፣ ይማራችሁ ልጆቼ» አሉ ከልባቸው። ከዚያ ወደ ጋሽ ወሰኔ ዞሩ። «እንዴት ሰነበትክ?»

ጠይቀውም መልሱን ጠበቁ።

ጋሽ ወሰኔ ዞር ብለው አግዳሚውን አዩ። እንግዳዋ የሚቀመጡበትም የለ። ስልካቸውን አወጡ፤ ገጹን ከፈቱ፤ ኃይሉን ወደ «ከፍተኛ» መለሱት።

«መምህር፣ አሁን መንገድ ማዶ ድረስ ይይዛል።»

ቤቱ ቀስ በቀስ ባዶ ሆነ። አስካለ ማርያም አግዳሚውን በእጃቸው ዳሰሱት፣ አወቁት፣ ተቀመጡበት። ስለ ጥሩሸዋ ተወራ፤ ከአሰብ ሳይመለስ ስለቀረው ወንድም ተወራ፤ ስለ ገብሱም ተወራ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ወይዘሮዋ ተነሡ፤ መንገዳቸው ሩቅ ነው።

«ስትሞት አስጠራኝ።»

«በምን ላስጠራሽ? ስልክ የለሽ።»

«እንግዲያው ቆይ፣ አትሙት። ለገበያ ስመጣ ጎራ እላለሁ።»

ሄዱ። ጋሽ ወሰኔ በልማድ ገጹን ከፈቱ። ዝርዝሩ ጢም ብሏል፤ ሁሉም መንገድ ማዶ ነው። ከላይ እስከ ታች ፈለጉ፤ አስካለ የሚል የለም። ስልኩን ደፉት፣ አግዳሚውን እስከ በሩ ጎተቱት፣ ነፋሱ ሳይቀድማቸው አስካለ የተቀመጡበት ቦታ ላይ ተቀመጡ። ገና ሙቀት አለው። ከዚያም ወደ ገበያው መንገድ እያዩ የሚቀጥለውን ሳምንት መጠበቅ ጀመሩ።