የዶክተር አከፋፈት

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት... ወባ ጥሎኝ ከከረመ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤት ወጣሁ። አሶሳ ውስጥ ብቻዬን ነው የምኖረው። ያን ሁሉ ጊዜ ስተኛ በሬን ያንኳኳ ሰው አልነበረም።

የት ልሂድ? የማውቀው ቦታ አንድ ነው። ገበያው ጫፍ ማንጎው ሥር፣ ልብስ ሰፊው ጋሽ ኡስማን ከስፌት መኪናው አጠገብ ቼዝ የሚዘረጋበት።

እዚያ የቼዝ አከፋፈት የሚጠራው በተጫዋቾች ስም ነው። ሁለቱም ወገን ንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ይገፋል፣ ከዚያ ፈረስ ያወጣል። ልዩነቱ የሚመጣው በሰያፍ የሚሄደው የነጩ ቢሾፕ ላይ ነው። መሀል ሜዳ ደርሶ ከቆመ «የመምህሩ» ነው። ገፍቶ የባላጋራው ፈረስ ላይ ካፈጠጠ «የሹፌሩ»። መምህሩ ወደ ካማሺ ተዛውሯል፣ ሹፌሩም ድባጤ እንደገባ እዚያው ቀርቷል።

አንድ ቀን ከስልኬ የተማርኩትን ላሳውቅ ብዬ «የመምህሩ ትክክለኛ ስሙ ጣሊያን ነው፣ የሹፌሩ ደግሞ ስፔን ይባላል» አልኩ።

ጋሽ ኡስማን መቀሱን አስቀምጦ አየኝ።

«ስፔን እዚህ መጥቶ ቁጭ ብሎ ያውቃል?»

እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ... ቢሾፔን አንድ ብቻ ፈቀቅ አድርጌ ንጉሤ ፊት ነው የማቆመው። እንደኔ የሚጫወት ስለሌለ «የኔስ ስም አይወጣለትም?» ብዬ ጠየቅኩት። ላብራቶሪ ስለምሠራ «ዶክተር» ነው የሚለኝ፣ አማርኛ ሲናገር ደግሞ «አንተ» እና «እሱ» ይቀላቀሉበታል።

«ዶክተር፣ አንተ መቼ ሄደ? ስም ለሄደ ሰው ነው።»

እና ቅዳሜ ስደርስ ጋሽ ኡስማን ጀርባውን ሰጥቶኝ ከማላውቀው ባጃጅ ነጂ ጋር ይጫወታል። ባጃጅ ነጂው ቢሾፑን አንድ ፈቀቅ አደረገና «ይሄስ ምን ይባላል?» አለው።

«እሱ የዶክተር ነው።»

እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ብቻዬን ቆሜ ፈገግ አልኩ... ከዚያ ስም የሚወጣው ለሄደ ሰው መሆኑ ትዝ አለኝ።

«ጋሽ ኡስማን... አልሄድኩም እኮ።»

ዞሮ ሲያየኝ ክው አለ። «ወላሂ! ዝውውር ደረሰው፣ ቻው ሳይል ሄደ አልን። ተቀየምን እኮ!»

«ታምሜ ነው። ቤት ተኝቼ ነበር።»

«ቤቱን ማን ያውቃል? አንተ ነግሮን ያውቃል?»

ሁለት ዓመት አብረን ስንጫወት የት እንደምኖር አንድም ቀን አልተነሳም። ከመስጊዱ ጀርባ ሰማያዊው በር መሆኑን የዚያን ዕለት ነገርኩት። እሱም አግዳሚው ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።

ባጃጅ ነጂው ግን ጨዋታው ተቋርጦበት ግራ ገብቶታል። አንዴ እኔን አንዴ ቢሾፑን ያያል።

«ታዲያ ይሄ አሁን ምን ሊባል ነው?»

«ምንም» አለ ጋሽ ኡስማን። «ሰውየው አለ።»

ስሜን በዚያው ተቀማሁ... ግን አሶሳ ከገባሁ ጀምሮ ስለኔ «አለ» ሲባል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።