የእትዬ ዘይነባ ሞተር

ነገሩ ያስከፈለኝ አንድ ባትሪ፣ አንድ የቅዳሜ ገበያና የሕንፃችንን ጥበቃ ወዳጅነት ነው። ለደንበኞቼ ዕቃ የማደርስባትን ሞተር ማታ ማታ የማሳድረው ሱቄ ያለበት ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሶኬት የለም። ብልጥ ነኝ ብዬ በየጠዋቱ እወርድና አስነስቻት ቆማ ስትንደቀደቅ ጥቂት አያታለሁ። ባትሪዋን መገብኩ ብዬ እኮራለሁ፤ ጥበቃው ጭሱን እየዋጠ ይረግመኛል። ለካ ሞተር ስትነሳ የምትበላውን ቆማ በመንደቅደቅ አትመልሰውም። ቅዳሜ ዕለት ገበያው በደራበት ሰዓት ቁልፉን ሳዞር ጭጭ አለች።

ባትሪውን ታቅፌ ሲኒማ ራስ አካባቢ ባትሪ ከሚሞላ ሰው ጋ ሄድኩ። ገና በሩ ላይ ሽታው ተቀበለኝ፤ የተለኮሰ ክብሪት፣ የዛገ ብረት፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ኮምጣጣ ነገር። ባትሪዎቹ ክዳናቸው ተከፍቶ፣ ተደርድረው ቀስ ብለው ይፈላሉ። ሰውዬው «ነገ ና» ብሎኝ ዞረ። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ይህን ሽታ መጀመሪያ ያወቅሁት በአንድ ለቅሶ ሰበብ ነው።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው መርካቶ፣ አማኑኤል ጀርባ፣ ብዙ ተከራይ በታጨቀበት አንድ ግቢ ውስጥ ነበር። ቆጣሪው አንድ ነው፤ እሱም የአከራያችን። ለየቤቱ አንድ አንድ አምፖል ተፈቅዷል፤ ሶኬት ግን ክልክል ነው። ካውያ የሰካ ሰው ከተገኘ የግቢው መብራት በሙሉ ይጠፋና ሁላችንም ወንጀለኛውን ፍለጋ በጨለማ እንተያያለን።

ከእኛ ፊት ለፊት እትዬ ዘይነባ ትኖር ነበር። ባሏ በቀይ ሞተር ለየሱቁ ቅመም ያደርስ ስለነበር ሞተሩ ከቤንዚን ይልቅ ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸታል። አንድ ክረምት ታመመና ሞተ። ለቅሶው ገና ሳይበርድ ወንድሙ ከድር ሽማግሌዎች ሰብስቦ መጣ። ከድር ምናለሽ ተራ ቁርጥራጭ ብረት እየገዛ የሚሸጥ፣ ሁሉን ነገር በዓይኑ የሚመዝን ሰው ነበር።

«ለሞተሩ ግማሹን ያዋጣሁ እኔ ነኝ» አለ። «ሴት ሞተር ምን ታደርግበታለች? እሷ አገር ቤት ወላጆቿ ጋ ትመለስ፤ ሞተሩን እኔ ልውሰድ።»

ከመጋረጃው ጀርባ የእትዬ ዘይነባ ድምፅ መጣ። «አከራየዋለሁ። በኪራዩ እዚሁ እኖራለሁ።»

«ቆሞ ብረት ይሆናል!»

«ብረት ሲሆን ና ውሰደው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ከዚያም ፈረዱ፦ ዒዳዋን ስትጨርስ ይሞከራል። ከተነሳ ሞተር ነው፣ የእሷ ነው። ካልተነሳ ብረት ነው፣ ከድር ይወስደዋል።

ፍርዱ ፍትሐዊ ይመስላል። ችግሩ ግን ዒዳ ማለት ባል የሞተባት ሙስሊም ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤቷ ሳትወጣ የምትቆይበት ጊዜ መሆኑ ነው። ባትሪው ያረጀ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ካልተሞላ ይሞታል፤ ያ ዓይነት ሞተር ደግሞ ባትሪው ከሞተ የፈለጉትን ያህል ቢረግጡት አይነሳም። ግቢው ውስጥ ሶኬት የለም፤ እሷ መውጣት አትችልም። ከድር ይህን ሁሉ አስልቷል።

በየዓርቡ ከስግደት መልስ ይመጣል። ቆርቆሮው ሥር የቆመውን ሞተር ቁልፍ ያዞራል፤ የሞተሩ መብራት አይበራም። ፊቱን አሳዝኖ ወደ መጋረጃው ይጠጋና «አላህ ያጽናሽ። ሞተሩም ተከተለው» ይላል። አንድም ቀን ግን ኮርቻውን አንስቶ አላየም።

እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነገር ነበር። የግቢው ሴቶች በየተራ ለእትዬ ዘይነባ ምግብ ያደርሳሉ። እናቴ በዘንቢል ድስት ሙሉ ንፍሮ ይዛ ስትገባ በአንድ እጇ ነው። ባዶውን ይዛ ስትወጣ ግን በሁለት እጇ፣ ወገቧን አጉብጣ።

«እማዬ፣ ባዶው ለምን ከበደ?»

«ሐዘን ነዋ የተሸከምኩት! ወሬኛ!»

በዚያ ላይ ነጠላዋ እዚህም እዚያም እየተበሳ መጣ። አባቴ ሲጠይቃት «ብል ነው» አለችው። የእኛ ቤት ብል የሚበላው በሆዷ በኩል ያለውን ብቻ ነበር።

አንድ ዓርብ አላስችል አለኝና ተከተልኳት። የግቢው በር ላይ ከከድር ጋር ተፋጠጡ።

«እህቴ፣ ከብዶሻል፤ ወዲህ በይው» አለና እጁን ዘረጋ።

«ኧረ ጋሼ ከድር፣ የክርስቲያን ድስት ነው! ትናንት ሥጋ ተሠርቶበታል።»

እጁን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰበ። የክርስቲያን የሥጋ ድስት ሙስሊም ለቅሶ ቤት ምን ይሠራል ብሎ እስኪያስብ እናቴ አስፋልቱን ተሻግራለች። ሲኒማ ራስ ጋ ስትደርስ ያ ሽታ ካለበት ቤት ገባች፤ ክዳኑን ስታነሳው ድስቱ ውስጥ አሲድ የሚያንጠባጥብ ባትሪ ተቀምጧል። በማግስቱ ሲሞላ የሚመልሰው የሌላ ጎረቤት ድስት ነበር።

ዒዳው ያለቀ ዕለት ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ከድር ብረቱን የሚጭንበት ጋሪ ሳይቀር ይዞ መጥቷል። እትዬ ዘይነባ ከወራት በኋላ ፀሐይ ላይ ወጣች፤ ከስታለች፣ ዓይኗን ብርሃኑ አጨናበሰው። ማንንም ሳታይ ኮርቻውን አነሳች። ሥሩ ባዶ ነው።

«ባትሪውስ?» አለ ከድር።

«አልጋ ሥር።»

በጨርቅ የተጠቀለለውን አምጥታ አስገባች፤ ባሏ ሲያደርግ ዓመታት ያየችውን ሽቦ በሽቦ አሰረች። ቁልፉን ስታዞር አረንጓዴዋ መብራት በራች። ረገጠችው። ዝም። እናቴ የእኔን ትከሻ ጨመቀች። እንደገና ረገጠችው፤ ሳል ብጤ አለ። ሦስተኛው ላይ ግቢው በጭስና በኮረሪማ ሽታ ተሞላ።

ከድር ጮኸ፤ «ማን ነው የሞላው?»

ሴቶቹ ሁሉ መሬት መሬት አዩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተነሱና ልብሳቸውን አራገፉ። «ተነስቷል። ጨርሰናል» አሉ።

እኔም ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ማታ ማታ የሞተሬን ባትሪ ፈትቼ ወደ ቤቴ እወስዳለሁ። ሚስቴ ዘንቢሌን እያየች ትስቃለች፤ እኔም ዘይነባ የምትባል ጎረቤት ነበረችን እያልኩ እጀምርላታለሁ። ሞተሩን ለእህቷ ልጅ አከራይታ እዚያው ግቢ ኖረች፣ እዚያው አረጀች።

ሒሳቡ ሲዘጋ፦ ለከድር ባዶ ጋሪው፤ ለዘይነባ ሞተር፣ አንድ ክፍል ቤትና መርካቶ።