ለትንሽ እጅ የተጠረበ እንጨት

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ሳሮን እጄን ይዛ አዳማ ውስጥ ወደምትለማመድበት የኢላማ ክበብ ወሰደችኝ። ጠረጴዛው ላይ በአየር የሚተኮሱ ሁለት ሽጉጦች ተጋድመዋል፤ አሰልጣኟ አንዱን ምረጪ ብሏት ኖሮ «አክስቴ፣ የቱን ልውሰድ?» አለችኝ። መዳፏ የእኔው ነው፤ በቤተሰባችን የሚወረስ ሌላ ንብረት ስለሌለ ትንሽ እጅ እንወራረሳለን። የሚያብለጨልጨውን ተዪው፣ ጨብጪና ጣትሽ ሳይንጠራራ ሆዱ ምላጩ ላይ ካረፈ ያንቺው እሱ ነው አልኳት። እንዲህ እያልኩ አንዱን ሳነሳው ግን የመሣሪያ ዘይቱ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባና ምክሬን በአፌ እንደያዝኩ ወንጂ ደረስኩ።

አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ስኳር ፋብሪካው ውስጥ ይሠራል፤ ከሰዓት በኋላ ሠፈሩ በሙሉ ሞላሰስ ሞላሰስ ይሸታል፣ የሚቃጠለው የአገዳ ማሳ ጥቁር አመድ ደግሞ ሆነ ብሎ የመጣ ይመስል እናቴ አጥባ ባሰጣችው አንሶላ ላይ ይወርዳል፣ እሷም ነፋሱን እንደ ጎረቤት ቆማ ትሰድበዋለች። ከኳስ ሜዳው ጀርባ፣ የአገዳ ገለባ በታጨቀባቸው ጆንያዎች ላይ ወረቀት ለጥፈን የምንተኩስ ስምንት ልጆች ነበርን፤ ሽጉጡ ግን አንድ ነው፣ ጥይቷም ከሽምብራ ታንሳለች። ያሰለጠኑን ጡረታ የወጡ ሻምበል ናቸው፤ ትንፋሽ ያዙ ሲሉን እሳቸውም አብረውን ስለሚይዙ ልምምዱ ሲያልቅ ከሁላችን ይበልጥ የሚደክማቸው እሳቸው ነበሩ።

ያ ሽጉጥ ለየትኛው ግዙፍ ሰው እንደተሠራ እንጃ። የእንጨት እጀታው መዳፌን ሞልቶ ይተርፋል፣ ጣቴ ምላጩን የሚነካው በጫፉ ብቻ ነው፣ ስስበውም ወደ ጎን እየገፋሁት ጥይቷ ሁልጊዜ ወደ ግራ ትሄዳለች። ሠፈሩ በሙሉ ሐኪም ሆነልኝ። ትንሽ እጅ የሚያስፈልገው መሙያ ነው ተባለና ተራዬ በደረሰ ቁጥር አንዱ የብስክሌት ከመነዳሪ ይጠቀልልበታል፣ በላዩ የእናቴ ፋሻ ይጨመራል፣ ሻምበልም በፕላስተር ያስሩታል፤ እጀታው እንደ ጥቅል ጎመን ይወፍራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ መሀል ላይ ጥቅሉ ሲፈታ ጓደኞቼ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቅና ቤት ስገባ አለቅስ ነበር፤ ምክንያቱም መተሐራ ለሚደረገው የክበቦች ውድድር የምንሄደው አራት ብቻ ነን፣ ሻምበልም ቁርጡን ነግረውኛል፦ «ቅዳሜ አስር ጥይት እሰጥሻለሁ። ስምንቱ ጥቁሩ ክብ ውስጥ ካልገቡ ቦታሽን ጓደኛሽ ታደሰ ይወስደዋል፣ እንዳትቀየሚኝ።»

አባቴ ሲያየኝ ሰነበተና ሻምበልን ከነሽጉጣቸው ለምኖ ወደ ጋሽ ላምቤቦ ወሰደን። ጋሽ ላምቤቦ ከከምባታ መጥተው በአገዳ ቆራጮች ሠፈር እጀታ የሚጠርቡ ሰው ናቸው። አገዳ ቆራጭ ካልሲውን ያውስሃል እንጂ ገጀራውን አያውስህም፤ እያንዳንዱ እርጥብ ጭቃ በእጁ ጨብጦ ለጋሽ ላምቤቦ ይሰጣል፣ እሳቸውም የደረቀውን ጭብጥ እያዩ እጀታውን ለዚያ መዳፍ ብቻ ይጠርቡለታል። መስኮታቸው ላይ የቆራጮቹ ጭብጥ ከነስማቸው ተደርድሯል፤ እኔንም ጭቃ አስጨብጠው የእኔን ከጎኑ ሲያስቀምጡት እንቁላል አከለ። ከመነዳሪውን ፈትተው ጥግ ወረወሩና «ልጄ፣ እጅሽ ምንም አልጎደለውም። እንጨቱ ነው የበዛው» አሉኝ።

ያን ሁሉ ጊዜ ሰው ሁሉ እጄን ሲያይ እንጨቱን ያየው አልነበረም። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሻምበል የክበቡን ንብረት አላስነካም ስላሉ፣ ጋሽ ላምቤቦ ጀርባው የሳሳ፣ ከታች ለመዳፌ ማረፊያ ያለው ሌላ እጀታ ከወይራ ጠረቡልኝ፤ በአንዲት ብሎን ይገባል፣ በአንዲት ብሎን ይወጣል።

ቅዳሜ ዘጠኙ ጥቁሩ ውስጥ ገቡ። ሻምበል ወረቀቱን ገልብጠው ሳይቀር አዩት፤ ታደሰም እስቲ ልሞክረው ብሎ እጀታውን ቢይዘው ሁለት ጣቱ ውጭ ቀረ።

መተሐራ ላይ አራተኛ ወጣሁ። የሚሸለሙት ሦስት ናቸው። የጋሽ ላምቤቦን እንጨት ያሳፈርኩት መሰለኝና ከዚያ ቀን ጀምሮ በደጃፋቸው ላለማለፍ በመስኖው ቦይ ዞሬ መሄድ ጀመርኩ፤ ዛሬ ነገ ስል ክረምቱ ገባ፣ ቆረጣው ቆመ፣ እሳቸውም አገራቸው ገቡ። በሚቀጥለው ዓመት ቆራጮቹ ሲመለሱ እሳቸው አልመጡም። ክበቡም ቆይቶ ተዘጋ፣ እጀታዬ የት እንደገባ አላውቅም፤ ለእሱ ብዙም አልቆጭም።

የሚቆጨኝ ኋላ ጎረቤታቸው የነገረችኝ ነው። ከመተሐራ ከተመለስን ማግስት ጀምሮ ሰው ውጤቱን ሊነግራቸው ሲመጣ ጋሽ ላምቤቦ ሁለት ጆሯቸውን በእጃቸው ይደፍኑ ነበር አሉ፤ «ማንም እንዳይነግረኝ፣ ከራሷ አፍ ነው የምሰማው» እያሉ እስከሄዱበት ቀን ድረስ ጠብቀውኛል።

ከሃያ ስድስት ሰው አራተኛ ወጥቼ ነበር፣ ጋሽ ላምቤቦ።