የቡ ድረስ ያስኬደን የግርጌ ማስታወሻ

ጅማ፣ በኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት በረዳትነት ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ታደሰ የመጻሕፍት ማውጫ ካርዶችን በየመሳቢያቸው በፊደል ተራ እንድደረድር አዘዙኝ። ከሆሳዕና ገና መምጣቴ ነው፤ ያን ያህል መጽሐፍ አንድ ቤት ውስጥ አይቼ አላውቅም ነበር። እሳቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ “ማርታ፣ ተማሪ መጽሐፍ ሲጠይቅሽ ሮጠሽ አታምጪለት። መሳቢያውን አሳይውና ራሱ ይፈልግ። ዛሬ ካጎረስሽው ነገም አፉን ከፍቶ ይመጣል” አሉኝ።

መፈለጉ ግን ቀላል አልነበረም። የፈረንጅ ደራሲ ካርድ የሚቀመጠው በቤተሰብ ስሙ ነው፤ የእኛ ሰው ደግሞ በራሱ ስም። ልጆቹ ሁሉንም በራሱ ስም ይፈልጉና፣ “እትዬ ማርታ፣ የለም እኮ!” ይሉኛል። “አለ፤ አባቱን ጥራው” እላለሁ። ይህንኑ ስል ጡረታ ወጣሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከልጆቼ ሁሉ (ልጆቼ ነው የምላቸው) አንዱን ላንሳ። ዘመኑ የደርግ ነው። ነዚፍ ይባላል፤ ከጅማ አቅራቢያ፣ የቡ ከሚባል ገጠር የመጣ የቡና ገበሬ ልጅ ነው። ስለ ቡና በሽታ የተጻፈ አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበረን፤ በውሰት አይወጣም። ነዚፍ በየቀኑ እሱን ከፍቶ ጥግ ይቀመጥና፣ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። እንደዚያ የሚያነብ ሌላ ተማሪ አልነበረኝም። ገና ስሙን ሳላውቅ ወደድኩት።

አንድ ቀን የዕፅዋት በሽታ አስተማሪው መምህር ግርማ የተማሪ ጽሑፍ ይዘው ገቡ። ፊታቸው ጠቁሯል።

“ጓድ ማርታ፣ ያንን መጽሐፍ ለማን ነው አሳልፈሽ የሰጠሽው? ይኸው፣ ሦስት ገጽ ቃል በቃል ተገልብጧል!”

“መጽሐፉ ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም” አልኳቸው።

ነዚፍን አስጠራነው። ጉዳዩ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ከቀረበ መባረሩ ነው፤ ያን ጊዜ የተባረረ ወጣት ደግሞ ወዴት እንደሚላክ ሁላችንም እናውቃለን። ጦርነት ነበር።

“ወላሂ አልሰረቅኩም” አለ። “ሐፍዤው ነው፤ በቃሌ ይዤው።”

መጽሐፉን ለመምህር ግርማ ሰጠሁና፣ “በል እንግዲህ” አልኩት። ዓይኑን ጨፍኖ፣ እየተወዛወዘ፣ ልክ በቁርኣን ቤት እንዳደገበት፣ እንግሊዝኛውን ያወርደው ጀመር። መምህር ግርማ በጣታቸው መስመር በመስመር ሲከተሉት ቆይተው መጽሐፉን ከደኑት።

“ታዲያ ለምን በራስህ ቃል አልጻፍከውም?”

“የተማረ ሰው ያለውን እኔ ማን ነኝና እለውጣለሁ? ነውር አይደለም እንዴ?”

መምህር ግርማ ቁጡ ናቸው እንጂ ክፉ አይደሉም። እንደገና እንዲጽፍ ፈቀዱ። “ግን ምንጭ የሌለው አንድ ሐሳብ ባገኝ ኮሚቴው ፊት ትቆማለህ። እያንዳንዱን ምንጭ ራሴ አረጋግጣለሁ” ብለው ሄዱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ መልስ አብሬው ተቀመጥኩ። አንድ ገጽ ያነባል፤ መጽሐፉን እዘጋበታለሁ። “አሁን ለጎረቤትህ እንደምታወራ ንገረኝ” እለዋለሁ። ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ይነግረኛል። “ይኼ ያንተ ቃል ነው፤ ይህን ጻፍ።” ቀጥሎ የግርጌ ማስታወሻ አሳየሁት፤ ሐሳቡ የማን እንደሆነ፣ ከየትኛው ገጽ እንደተወሰደ።

ፊቱ በራ። “ይኼማ እኛ ጋ አለ፣ እትዬ! ሼኻችን ሐዲስ ሲነግሩን ከማን እንደሰሙት፣ ያም ሰው ከማን እንደሰማው ሳይናገሩ አይጀምሩም።”

ከዚያ ወዲያ ማን ይያዘው! አዲሱ ጽሑፍ በግርጌ ማስታወሻ ብዛት ከታች ከበደ። መምህር ግርማ ሁሉንም ከመደርደሪያ እያወረዱ አመሳከሩና አንዱ ላይ ቆሙ። በበሽታ ከተመታ ማሳ መካከል ንጹሕ ሆኖ ስለሚቀር አንድ የቡና ዛፍ ይናገራል። ምንጭ፦ አባ ፊጣ፣ ገበሬ፣ የቡ፣ በቃል የተነገረ።

“ጓድ ማርታ፣ ይህን የትኛው መደርደሪያ ላይ ነው የማገኘው?”

“የቡ ነው ያለው” አልኩ። ቀልዴን ነበር። እሳቸው ግን የኮሌጁን ላንድሮቨር አዘዙ፤ ሦስታችንም ሄድን።

ሰኔ ነበር፤ መንገዱ ጭቃ ነው። ያን ጊዜ የመንግሥት መኪና ገጠር የሚገባው ወይ ለምልመላ ወይ ለመዋጮ ነው። የነዚፍ አባት አባ ፊጣ ልጃቸውን በሁለት ባለሥልጣን መካከል ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ።

“ማሎ፣ እባካችሁ! ልጄ ምን አጠፋ?”

መምህር ግርማ ሰላምታ እንኳን ሳይጨርሱ፣ “አባቴ፣ በሽታ የማይነካው ዛፍ አለ ብለዋል?” አሏቸው።

“እኔ? እኔ ምንም አላልኩም ጌታዬ። ምንም።”

ነዚፍ አንገቱን ደፋ። ሽማግሌው ልጃቸውን ያዳኑ መስሏቸው ወደ ገደል እየገፉት ነው። ልናገር ብል ደግሞ፣ ምስክር አስጠናች እባላለሁ።

ያኔ ከጓሮ አንዲት ሴት እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። “ሃዳ ነዚፍ፣ ግቢ!” አሏት አባ ፊጣ፤ የነዚፍ እናት ማለታቸው ነው። አልገባችም።

“እውነቱን ነው፣ እሱ አላለም” አለች። “ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ ከእኔ ሰማ፣ ልጄ ከእሱ ሰማ። ቡናውን የምለቅመው እኔ ነኝ። እኔን ውሰዱኝ።”

ማንም እንደማይወስዳት ነገርኳት። ስታምነኝ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ የእኔም። ከዚያ ወደ ማሳው መራችን። ዙሪያውን ፍሬው ጠቁሮ ረግፏል፤ መካከል ላይ አንዱ ዛፍ አረንጓዴ ፍሬውን እንዳንዠረገገ ቆሟል። መምህር ግርማ ዞሩት፣ ቅጠሉን ገለጡ፣ ፍሬውን ሰበሩ። በመጨረሻ ጽሑፉን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው እርሳስ አወጡ።

“ስምዎን ይንገሩኝ።”

“ዘሃራ።”

ከአባ ፊጣ ስም ጎን ጻፉት። “እርስዎስ ከማን ሰሙ?”

“ከማንም” አለች። “በዓይኔ አየሁ።”

ነዚፍ አልተባረረም። ከእሱ በኋላ ለመጡት ተማሪዎች ሁሉ ከመሳቢያው በፊት የማስተምረው አንድ ነገር ሆነ፦ ከማን እንደሰማህ ተናገር፤ ያንንም ሰው ከማን እንደሰማ ጠይቀው፤ “በዓይኔ አየሁ” የሚል ሰው እስክታገኝ ድረስ አትቁም።