ቀዝቃዛው ማንኪያ

አባቴ ስትሮክ ከመታው በኋላ እጁ ቀስ በቀስ ተመለሰለት፤ መዋጥ ግን አልቻለም። ከሆስፒታል ሆሳዕና ወደሚገኘው ቤታችን ሲመለስ የምግብ ቱቦ በአፍንጫው እንደተሰካ ነበር። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ የጉሮሮን ጡንቻ በኤሌክትሪክ የሚያነቃቃ መሣሪያ ትልልቅ ከተሞች ውስጥ እንዳለ፣ እሷ ጋ ግን እንደሌለ ነገረችኝ። በምትኩ ጉሮሮውን በቀዝቃዛ ማንኪያ ማነቃቃት አስተማረችኝ።

«ከተሻለው በሁለት ሳምንት ውስጥ ቱቦውን ስለማውጣት እንነጋገራለን» አለች። «እስከዚያ በአፉ ምንም እንዳይገባ።»

ከሰፈራችን ጁስ ቤት በረዶ በፔርሙዝ አመጣለሁ። የሻይ ማንኪያ እዚያ ውስጥ አቆይቼ፣ በጀርባው ከእንጥሉ ግራና ቀኝ ነካ ነካ አደርጋለሁ። «አባዬ፣ ዋጥ» እልና ጣቴን ማንቁርቱ ላይ አሳርፌ እጠብቃለሁ። ለብዙ ቀን ምንም አልነበረም። በስምንተኛው ቀን ማንቁርቱ ከጣቴ ሥር ከፍ ብሎ ወረደ፤ ምራቁን ዋጠ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ብናገር የሚጠፋ መሰለኝ።

በማግስቱ ታላቅ እህቱ ከገጠር፣ ከሌሞ፣ በጋሪ መጡ። አባቴን በልጅነቱ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አተካና ይዘዋል፤ ከቡላ፣ ከቅቤና ከወተት ተሠርቶ እኛ ዘንድ ለተከበረ ሰው የሚቀርብ ምግብ ነው። ቱቦውን ሲያዩ ደነገጡ።

«ወንድሜን እንደ መኪና በቱቦ ነው እንዴ የምትሞሉት?»

«ሐኪም ነው ያዘዘው፣ አክስቴ።»

«ሐኪሙ ይቺን ቀምሷል? ጥርስ እንኳ አትፈልግም። ራሷ ነች የምትወርደው።»

አይሆንም ማለት ነበረብኝ። እጃቸውን ታጥበው ጉርሻውን ሲያዘጋጁ ወለሉን አየሁ። ከአፌ የወጣው «ትንሽ ብቻ» የሚል ነው። እሳቸውም እንደ ፈቃድ ወሰዱት። አባቴ የእህቱን እጅ አልመለሰም።

ወዲያው ሳል ያዘው። ድምፁ ጉሮሮው ውስጥ ውሃ እንደያዘ ሰው ሆነ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ይዞት ሆስፒታል ገባ፤ ምግቡ ወደ ሳንባው ወርዶ የሳንባ ምች ሆኖበታል። ባለሙያዋ «ምን በላ?» ብላ ስትጠይቀኝ አክስቴ አበሉት አላልኩም። «እኔ እዚያው ነበርኩ» አልኳት።

ቤት ስንመለስ ሥራውን ከመጀመሪያው ጀመርን። ቱቦውን ስለማውጣት ማንም አላነሳም።

አክስቴ ደግመው መጡ፤ አሁንም አተካና ይዘው። በር ላይ ተቀበልኳቸው።

«አክስቴ፣ ዛሬ አያበሉትም።»

«እኔ ነኝ ያሳመምኩት?»

«ሁለታችንም ነን።»

የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ። «ታዲያ እጄን አጣጥፌ ልየው?» አሉ።

ወደ አባቴ አስገባኋቸውና ማንኪያውን ከፔርሙዙ አውጥቼ ሰጠኋቸው።

«ውይ! ይሄ ጣት ይቆርጣል!»

እንዴት እንደሚነካ አሳየኋቸው። «ክፈት፣ አንተ ግትር» አሉት። ለእኔ ከሚከፍተው በላይ ከፈተላቸው። ጣቴን ማንቁርቱ ላይ አደረግኩ። በሦስተኛው ሙከራ ከፍ ብሎ ወረደ።

በረዶው እስኪያልቅ ሞከርን፤ አልተደገመም። አተካናው ጠረጴዛው ላይ ቅቤው ረግቶ ቀርቷል። አባቴ ዓይኑን ከእሱ ላይ አላነሳም።