ቀና ያልኩበት ምስል

ልጄ የምሠራውን ሸክላ ቴሌግራም ላይ መሸጥ ከጀመረች ወዲህ ስልኳን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ትቀርጸኛለች። እኔ ጭቃዬን ስይዝ ስልኩን እረሳዋለሁ። በኋላ ከቪዲዮው ውስጥ ፎቶ ታወጣለች። ቪዲዮ ከባድ ነው፣ ኔትወርክ በደከመበት ቦታ አይከፈትም፣ ፎቶ ግን ቶሎ ይመጣል ትላለች። እኔ ከአራተኛ ክፍል በላይ ስላልተማርኩ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አያለሁ እንጂ ብዙ አልጠይቃትም።

ያን ቀን ድስት ስሠራ የቀረጸችውን ኮምፒውተሯ ላይ ከፍታ ትንሽ ታስኬደዋለች፣ ታቆመዋለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች።

"እጅሽ አንድም ቦታ አያርፍም እኮ እማ። እይው እስቲ፣ ጭስ ነው የሚመስለው።"

እውነቷን ነው። ሲንቀሳቀስ ደህና የነበረው እጄ፣ ስታቆመው ጣት የለውም። ወደፊት ሄደች፣ ወደኋላ ተመለሰች። ሁሉም ጭስ ነው።

"ቆይ፣ ቆይ! ይኼ!"

እጄ የድስቱ አፍ ላይ አርፏል። ጣቶቼ ይታያሉ፣ እርጥቡ ጭቃ ያብለጨልጫል። "እማ" ብላ ስትጠራኝ የሆነ መሆን አለበት፤ ሥራዬን አቁሜ ቀና ብያለሁ። ዓይኔ ፎቶውን የሚያየውን ሰው ቀጥ ብሎ ያያል።

እኔ ሰው ቀጥ ብዬ አላይም። የሸክላ ሠሪ ዓይን ሰው ይበላል ይባላል። እናቴ ገበያ ስትወስደኝ የሰው ሕፃን እንዳላይ፣ ሰው ሲበላ ፊቴን እንዳዞር አስተምራኛለች። ዛሬም ሕፃን ያዘለች ደንበኛ ወደ ሰፈራችን ወደ ቀጨኔ ስትመጣ የማየው ጫማዋን ነው። ልጄን ሊጠይቁ ደግሞ ሽማግሌዎች እሑድ ሊመጡ ተቀጥሯል። የሚያገባት ልጅ ሥራዬን ያውቃል። ቤተሰቦቹ አያውቁም።

"ሌላ ፈልጊ" አልኳት።

"የለም። እጅሽ የቆመው ቀና ስትዪ ብቻ ነው።"

"እንግዲያው ፊቴን ቁረጪው።"

ቆረጠችው። ደረት፣ ሁለት እጅ፣ ድስት። ከአንገቴ በላይ የለሁም። የሚከፋኝ መስሎኝ ጠበቅሁ። ምንም አልተሰማኝም።

"እሺ፣ ይኼ ይሻላል?"

"ጥሩ ነው። ድስቱ ይታያል።"

"የታረደ በግ ነው የምትመስይው" ብላ ሳቀች። ሳቋ ወዲያው ቆመ። "እኔ የእናቴን አንገት ቆርጬ አልለጥፍም።"

"የልጁ እናት ብታየውስ?"

"ትየዋ! ከሰርጉ በኋላ ሰምታ ከምታለቅስ አሁን አይታ ታልቅስ።"

"ቆመሽ የምትቀሪው አንቺ ነሽ።"

"ልቅራ።"

ፊቴን መለሰችው። ጨለም ያለውን ጉንጬን ትንሽ አበራችው፣ ከጎኔ ያለውን ባልዲና የተሰጣውን ልብስ ቆርጣ አወጣችው። ቶሎ እንዲከፈት መጠኑን ቀነሰች። ስታሳንሰው ዓይኔ እንዳይደበዝዝ ሁለት ጊዜ መልሳ ሠራችው። ከሥሩ የድስቱን ዋጋ ጻፈች። ከዚያ ተጫነችው።

"ሄደ" አለች።

እኔ ተነስቼ ጭቃው እንዳይደርቅ እርጥብ ጨርቅ አለበስኩት።

በማግስቱ ሰው ድስቱን ጠየቀ። አንዱ "እናትየዋ ተቆጥታ ነው እንዴ?" ብሎ ጻፈ። ልጄ አነበበችልኝና "አይ፣ ስትስቅ ነው" ብላ መለሰችለት። ማታ ልጁ ደወለ። ስልኩን ስትዘጋ ፊቷን አየሁት።

"እናቱ አይታዋለች።"

"ምን አለች?"

"ምንም አላለችም አለኝ።"

እሑድ አይመጡም ብዬ ነበር። ቢሆንም ወጡን ሠራሁ፤ ሳይሠራ ቢመጡ ውርደት ነው። መጡ። ሦስት ናቸው፣ አንደኛው የልጁ እናት ወንድም ነው። ባለቤቴ በሕይወት ስለሌለ የተቀበላቸው ወንድሜ ነው። ቆመው ጠየቁ፣ ወንድሜ ትንሽ አንገራገረና ልጃችንን ሰጠናችሁ አላቸው። ተመራርቀው ተቀመጡ። ማዕድ ቀረበ።

ከሸክላ ሠሪ ቤት እህል የማይቀምስ ሰው ዛሬም አለ። እኔ በሩ አጠገብ የውኃ ማንቆርቆሪያ ይዤ ቆምኩ። ማን እንደጎረሰ፣ ማን እንዳልጎረሰ ለማየት ቀና ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። የማየው ምንጣፉን ነበር። ሲያወሩ፣ ሲሳሳቁ እሰማለሁ። አንዱ "ጨጓራዬን ያመኛል፣ አትቀየሙኝ" ሲል ሰማሁ። የትኛው እንደሆነ በድምፅ አላወቅኩም።

ሲሄዱ ልጄ ሰሃኖቹን ወደ ጓዳ አመጣች። አንዱ እንደቀረበ ነው፤ እንጀራው ጫፉም አልተነካም።

"የማን ነው?" አልኳት።

"የአጎቱ።"

"የእናቱ ወንድም?"

"አዎ።" ሌሎቹን ሰሃኖች ውኃ ውስጥ ከተተቻቸው። "ሁለቱ ግን ጠርገው በልተዋል፣ እማ። አንደኛው እንዲያውም አስጨምሯል።"

"ይብላ" አልኳት።

ያልተነካውን ሰሃን ተቀበልኳትና ለራታችን ከደንኩት።